ዘጠኝ ዓመት በካሜራ ፊት፦ የሩዋን ሊንግዩ ታሪክ

ሩዋን ሊንግዩ ኤፕሪል 26 ቀን 1910 ሻንጋይ ውስጥ ተወለደች። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) ወላጆቿ ከደቡብ ቻይና፣ ከጓንግዶንግ፣ እንጀራ ፍለጋ ወደዚያች የወደብ ከተማ የገቡ ድሆች ነበሩ። አባቷ ከወንዙ ማዶ ፑዶንግ በሚገኝ የውጭ አገር ነዳጅ ኩባንያ ተቀጥሮ ሲሠራ ኖሮ እሷ ገና ትንሽ ልጅ ሳለች ሞተ። እናቲቱ ልጇን ለማሳደግ የነበራት አማራጭ አንድ ብቻ ነበር፤ ዣንግ በሚባል የሀብታም ቤተሰብ ግቢ ገረድ ሆና ገባች። ልጅቷም የእናቷን ጉልበት በገዛው ቤት ጓዳ ውስጥ አደገች።

እናቷ ግን ልጇ የእሷ ዕጣ እንዲደርሳት አልፈለገችም። ከደመወዟ ላይ እየቆነጠረች ጥሩ ስም ካለው የልጃገረዶች ትምህርት ቤት አስገባቻት። ትምህርት ቤቱ የሀብታም ልጆች የሚበዙበት ስለነበር የገረድ ልጅ መሆኗ እንዳይታወቅባት እናትና ልጅ ይጠነቀቁ እንደነበር ይነገራል። ይህን ነገር አንባቢ ልብ እንዲለው እፈልጋለሁ። ከዓመታት በኋላ በሠራችው ታላቅ ፊልም ውስጥ የእናቱ ሥራ ሲታወቅ ከትምህርት ቤት የሚባረር ልጅ አለ፤ የዚያን ልጅ እናት ሆና የተወነችው እሷ ናት።

አሥራ ስድስት ዓመት ሳይሞላት የዣንግ ቤተሰብ የመጨረሻ ልጅ ዣንግ ዳሚን ዓይኑን ጣለባት። እሱ የጌታ ልጅ ነው፤ እሷ የገረድ ልጅ። የእሱ ወገኖች ጋብቻውን አልተቀበሉትም። ሁለቱ ግን ያለ ሠርግና ያለ ውል አብረው መኖር ጀመሩ፤ እሷም ትምህርቷን አቋረጠች። ይህ ያለ ውል የተጀመረ ኑሮ ከዓመታት በኋላ ፍርድ ቤት ድረስ ይጎትታታል።

ዣንግ ዳሚን ሥራ የማይወድ፣ ቁማር የሚወድ ሰው ሆነ። የቤቱ ወጪ በእሷ ትከሻ ላይ ወደቀ። በ1926 ሚንግሺንግ የተባለው የሻንጋይ ፊልም ኩባንያ አዲስ ተዋናይት ሲፈልግ፣ ራሱ የፊልም ሰው የነበረው የዳሚን ታላቅ ወንድም ዣንግ ኊቾንግ እንድትሞክር መከራት። ፈተናውን የሰጣት ዳይሬክተሩ ቡ ዋንትሳንግ ነው። እንደሚተረከው በመጀመሪያው ቀን ከድንጋጤ የተነሣ ምንም ማድረግ አቅቷት ነበር፤ ሰውየው ግን ፊቷ ላይ አንድ ነገር አይቶ ኖሮ ሌላ ዕድል ሰጣት። በ1927 «የስም ባልና ሚስት» በተባለው ፊልም ዋና ተዋናይት ሆና ቀረበች። ከማትወደው ሰው ጋር የተጋባች ሴት ታሪክ ነው።

በዚያን ጊዜ ሻንጋይ የቻይና ፊልም ዋና ከተማ ነበረች። ፈረንሳዮች በከተማዋ የራሳቸው ክልል ነበራቸው፤ እንግሊዞችና አሜሪካኖች የሚመሩትም ሌላ ክልል ነበር። ሲኒማ ቤቶቹ በአብዛኛው የሆሊውድ ፊልም ያሳዩ ነበር። የአገሬው ኩባንያዎች ደግሞ የጥንት ጀግኖች በሰይፍ የሚፋለሙባቸውንና ጠንቋዮች በአየር የሚበሩባቸውን ፊልሞች በፍጥነት እያመረቱ ገበያውን ሞልተውት ነበር። ወጣቷ ተዋናይትም በመጀመሪያዎቹ ሦስት አራት ዓመታት የተሰጣትን ሁሉ ሠራች። ከእነዚያ ፊልሞች አብዛኞቹ ዛሬ የሉም።

በ1930 ሊያንኋ የተባለ አዲስ ኩባንያ ተቋቋመ። ዓላማውም የቻይናን ፊልም ከሰይፍና ከጥንቆላ ትረካ አውጥቶ ወደ ዘመኑ ሰው ኑሮ ማምጣት ነበር። ሩዋን ወደዚያ ተዛወረች። በሕይወቷ ያገኘችው ትልቁ ዕድል ይህ ይመስለኛል። አሜሪካ ተምሮ የተመለሰው ዳይሬክተር ሱን ዩ በዚያው ዓመት «የዱር አበባ» በሚባለው ፊልሙ አበባ የምትሸጥ ድሃ ልጃገረድ አድርጎ አቀረባት። የሀብታም ልጅ ሆኖ አብሯት የተወነው ጂን ያን ነው፤ ትውልዱ ኮሪያ ሲሆን የቻይና ልጃገረዶች ያበዱለት ወጣት ነበር። ፊልሙ ድምፅ አልባ ቢሆንም ሁለቱ የዘፈኑት ዘፈን በሸክላ ተቀርጾ ከትርዒቱ ጋር ይሰማ ነበር።

በ1931 እንደገና ከቡ ዋንትሳንግ ጋር ሆና «ፍቅርና ግዴታ»ን ሠራች። ታሪኩ ባሏንና ልጆቿን ትታ የድሮ ወዳጇን ስለተከተለች ሴት ነው። የተከተለችው ሰው ይሞታል፤ እሷም ለሌላ ሰው ልብስ እየሰፋች በድህነት ታረጃለች። ሩዋን በዚህ ፊልም ከኮረዳነት እስከ ሽበት ያለውን ዕድሜ ብቻዋን ተሸከመችው፤ በዚያ ላይ የሴትየዋን ልጅ ሆና የተወነችውም ራሷ ናት። ያኔ ዕድሜዋ ሃያ አንድ ነበር። ይህ ፊልም ጠፍቷል ተብሎ ለብዙ ዓመታት ከቆየ በኋላ በ1990ዎቹ ኡራጓይ ውስጥ አንድ ቅጂ ተገኘ። ከሻንጋይ እስከ ሞንቴቪዲዮ ያለውን ርቀት ለሚያስብ ሰው የሚደንቅ ነገር ነው።

በጃንዋሪ 28 ቀን 1932 ጃፓን ሻንጋይን አጠቃች። የሠራተኛው ሰፈር ዣቤይ በቦምብ ነደደ፤ ስቱዲዮዎችና ሲኒማ ቤቶች ወደሙ። ሩዋን የምታሳድጋትን የማደጎ ልጅ ይዛ ወደ ሆንግ ኮንግ ሸሸች። ስትመለስ ከተማዋ ሌላ ሆና ነበር። ግራ ዘመም የሆኑ ጸሐፊዎችና ዳይሬክተሮች ወደ ፊልም ገቡ፤ የፊልሞቹ ጉዳይም ድህነት፣ የፋብሪካ ሠራተኛ፣ ወረራና የሴት ልጅ መብት ሆነ። ሩዋን ቲያን ሃን በጻፈው «ሦስት ዘመናዊ ሴቶች» ውስጥ የስልክ ኦፕሬተር ሆና ሠራች። ኩባንያው መጀመሪያ ሊሰጣት ያሰበው ክፍል ይህ አልነበረም፤ እስከዚያ ድረስ ሰው የሚያውቃት በአልቃሻና በተጎሳቆሉ ሴቶች ነበርና። ጠይቃ ያገኘችው እሷ ናት።

በ1933 ሱን ዩ «ትንንሽ መጫወቻዎች»ን አወጣ። ሩዋን በዚህ ፊልም የልጆች መጫወቻ በእጇ የምትሠራ የገጠር ሴት ናት። ባሏ ይሞታል፤ ወንድ ልጇን ሌባ ይሰርቅባታል፤ ጦርነት ከመንደሯ ነቅሎ ሻንጋይ ይጥላታል፤ ያደገች ሴት ልጇም በጃፓኖች ጥቃት ትሞታለች። ልጇን ሆና የተወነችው ሊ ሊሊ በዕድሜ የምታንሳት በአምስት ዓመት ብቻ ነበር፤ ተመልካች ግን እናትና ልጅ መሆናቸውን አይጠራጠርም። በመጨረሻው ትዕይንት የአዲስ ዓመት ርችት ሲፈነዳ ሴትየዋ ጦርነቱ ተመልሶ የመጣ መስሏት መንገድ ላይ ትጮኻለች፤ ሕዝቡ እንዲነሣ ትማጸናለች። ድምፅ የለም። ሰው የሚያየው የተከፈተ አፍ፣ የተዘረጉ እጆችና የተበታተነ ፀጉር ብቻ ነው፤ ሆኖም ጩኸቱ ይሰማል። ከአራት ዓመት በኋላ ጦርነቱ በእርግጥ ወደ ሻንጋይ ተመለሰ።

በዚያው ዓመት አንድ ጋዜጣ የፊልም ንግሥት ለመምረጥ የአንባቢ ድምፅ ሲሰበስብ ዘውዱ የደረሰው ለሁ ዲየ ነው፤ ሩዋን ሦስተኛ ወጣች። ሁ ዲየ በ1931 በወጣው የመጀመሪያው የቻይና ባለ ድምፅ ፊልም የተወነች ነች። የሩዋን ኩባንያ ግን የድምፅ መሣሪያ ውድ ስለነበር ከድምፅ አልባው ጋር ረዘም ላለ ጊዜ ቆየ። ለኩባንያው ድክመት ሊሆን ይችላል፤ ለእኛ ግን በረከት ነው። ሆሊውድ ድምፅ አልባ ፊልም መሥራት ካቆመ ከዓመታት በኋላ ሻንጋይ ውስጥ ጥበቡ ገና እየበሰለ ነበርና።

በግል ሕይወቷ ከዣንግ ዳሚን ጋር የነበራት ኑሮ በ1933 አበቃ። በጠበቃ ፊት በተፈረመ ስምምነት ለሁለት ዓመት በየወሩ እስከ አንድ መቶ ዩዋን ድረስ ልትሰጠው ተስማማች። በአጭሩ ሠርታ ስትቀልበው የኖረችው ሰው ከተለያዩም በኋላ ቀለቡ እንዳይቋረጥበት ሆነ። ከዚያ በኋላ አብራው መኖር የጀመረችው ታንግ ጂሻን የሻይ ነጋዴ ነው። ገንዘብ አለው፤ አገር ቤት ደግሞ ሚስት አለችው። ከሩዋን በፊት ከሌላ ታዋቂ ተዋናይት ጋር ኖሮ ጥሏት ነበር። ሩዋን ይህን እያወቀች ለምን እንደገባችበት ብዙዎች ጽፈዋል። እኔ የማየው በሰው ቤት ያደገች፣ የራሷ መጠጊያ ያልነበራትን ልጅ ነው።

እናም 1934 መጣ፤ «እንስት አምላክ» የተባለው ፊልም የወጣበት ዓመት። ዳይሬክተሩ ዉ ዮንግጋንግ እስከዚያ ድረስ ስቱዲዮ ውስጥ የትዕይንት ዲዛይን የሚሠራ ወጣት ነበር፤ ይህ የመጀመሪያ ፊልሙ ነው። ታሪኩን የጻፈውም እሱ ነው። ስም የሌላት አንዲት እናት ሌሊት መንገድ ላይ ገላዋን እየሸጠች ልጇን ታሳድጋለች። አንድ ቀን ከፖሊስ ስትሸሽ አንድ ወሮበላ ቤት ትገባለች፤ ከዚያ ወዲያ ሰውየው ጌታዋ ይሆናል፤ ያገኘችውንም ይቀማታል። ለልጇ ትምህርት የምታጠራቅመውን ገንዘብ ከግድግዳው ጡብ ነቅላ እዚያ ትደብቃለች። ልጁ ትምህርት ቤት ይገባል፤ ወላጆች ሥራዋን ሲሰሙ ይከሳሉ። ርእሰ መምህሩ ለልጁ ይሟገታል፤ ተሸንፎም ሥራውን ይለቃል። ወሮበላው የተደበቀውን ገንዘብ አግኝቶ በቁማር ሲጨርሰው እናት በጠርሙስ መትታ ትገድለዋለች። አሥራ ሁለት ዓመት ይፈረድባታል። እስር ቤት ሊጠይቃት ለመጣው ርእሰ መምህር የምትለምነው ነገር ቢኖር ልጇን እንዲያሳድግላትና እናቱ ሞታለች ብሎ እንዲነግረው ነው።

ታሪኩን በቃል ስንናገረው ለማስለቀስ የተቀነባበረ ይመስላል። ፊልሙን ያየ ሰው ግን ሩዋን ለልቅሶ እንደማትቸኩል ያውቃል። በትምህርት ቤቱ ዝግጅት ላይ ልጁ መድረክ ላይ ሲዘምር እናት ወንበሯ ላይ ተቀምጣ ታየዋለች፤ ፊቷ ቀስ ብሎ ይበራል። ከኋላና ከጎን ያሉት ሴቶች ጆሮ ለጆሮ መንሾካሾክ ይጀምራሉ። እሷ አልሰማችም፤ እኛ ግን አይተናል። በሌላ ትዕይንት ወሮበላው ቤቷ ገብቶ ሲቆም ካሜራው ከበስተኋላው ዝቅ ብሎ በሁለት እግሮቹ መካከል እናትና ልጅን ያሳየናል፤ ወለሉ ላይ ተቃቅፈው። ከዚህ በላይ ስለ ጉልበተኛና ስለ ጉልበት አልባ የሚናገር ሥዕል በዚያ ዘመን ፊልም ውስጥ እምብዛም አላየሁም። ሌሊት ደንበኛ ስትጠብቅ አቋቋሟ የሰለቸውና የደነደነ ሰው አቋቋም ነው፤ ቤት ገብታ ልጇን ስታነሣ የዚያው ሰውነት ክብደት ይለወጣል። ከወሮበላው እጅ እንደማታመልጥ የገባት ጊዜ ጠረጴዛው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ሲጋራ ትለኩሳለች፤ ፊቷ ላይ ፍርሃት፣ ንቀትና ድካም አንድ ላይ ይታያሉ። ዉ ዮንግጋንግ ስለ እሷ ሲናገር ብርሃንን ወዲያው ከሚይዝ የካሜራ ፊልም ጋር አመሳስሏት ነበር፤ የፈለገውን ሲነግራት ብዙ ልምምድ ሳያስፈልጋት በአንድ ቀረጻ ትሰጠዋለች።

ያ ፊልም ሲወጣ ዕድሜዋ ሃያ አራት ነበር።

በፌብሩዋሪ 1934 አይ ሺያ የተባለች ወጣት ተዋናይትና ጸሐፊ የራሷን ሕይወት አጥፍታ ነበር። ከሞተች በኋላም ጋዜጦች ስለ ፍቅር ሕይወቷ ሲቀባበሉ ከረሙ። ዳይሬክተሩ ትሳይ ቹሼንግ ከዚህ ተነሥቶ «አዲስ ሴቶች»ን ሠራ፤ ዋናዋን ገጸ ባሕሪ ዌይ ሚንግን የተወነችው ሩዋን ናት። ዌይ ሚንግ የተማረች መምህርትና ደራሲ ናት። አንድ ባለጸጋ ይመኛታል፤ እምቢ ስትለው ከሥራ ያስባርራታል። ልጇ በጠና ትታመማለች፤ ለመድኃኒት ገንዘብ የለም። ልጅቷ ስትሞት እናት መድኃኒት ትወስዳለች፤ አንድ ጋዜጠኛም ገና ሳትሞት ስሟን የሚያጎድፍ ወሬ ያትማል። በሆስፒታል አልጋ ላይ ሆና ይህን ስትሰማ መሞት እንደማትፈልግ ትናገራለች፤ መኖር፣ መበቀል ትፈልጋለች፤ ጊዜው ግን አልፏል።

ፊልሙ በ1935 በቻይናውያን አዲስ ዓመት ሰሞን ሲታይ የሻንጋይ ጋዜጠኞች ማኅበር ተቆጣ። ሙያችን ተሰደበ አሉ፤ ትዕይንቶች እንዲቆረጡና ኩባንያው በይፋ ይቅርታ እንዲጠይቅ ጠየቁ። ሊያንኋ ይቅርታ ጠየቀ፤ ፊልሙም ተቆራረጠ። ቁጣቸው ግን በዚያ አልበረደም፤ ቀላሉ ዒላማ ፊልሙን የተሸከመችው ተዋናይት ነበረች።

ዱላውን ያቀበላቸው ዣንግ ዳሚን ነው። ገንዘብ ጨምሪልኝ ብሎ ሲከለከል ታሪኳን ለጋዜጦች ማውራት ጀመረ፤ ከዚያም ክስ አቀረበ። ሚስቴ ነበረች፣ ንብረቴን ሰርቃለች፣ ከታንግ ጋር አመንዝራለች ብሎ ከሰሳት። ያለ ሠርግ አብሯት የኖረ፣ ከእሷ ገቢ የበላ ሰው ሚስት ብሎ የጠራት ሊከሳት ሲፈልግ ነው። ጋዜጦቹ ይህን እንደ ሰማይ መና ተቀበሉት። ፎቶዋ፣ የቤቷ ጉዳይ፣ የሁለቱ ወንዶች ቃል በየቀኑ ገበያ ላይ ወጣ። ፍርድ ቤቱ ለማርች 9 ቀን 1935 ቀጠራት፤ ተከሳሽ ሆና በሕዝብና በካሜራ ፊት ልትቆም ነው። ሕይወቷን በሙሉ በካሜራ ፊት የቆመች ሴት ናት፤ ይህኛው ግን ዳይሬክተር የለውም።

ከቀጠሮው ሁለት ቀን አስቀድሞ፣ ማርች 7 ማታ፣ ከሥራ ባልደረቦቿ ጋር ራት ላይ ነበረች። አብረዋት ያመሹት ሰዎች ደስ ያላት መስላ እንደነበር በኋላ ተናግረዋል። ወደ ቤት ከተመለሰች በኋላ ሌሊቱን የእንቅልፍ ክኒን ወሰደች። መጀመሪያ የተወሰደችበት ሆስፒታል የሌሊት ሐኪም አልነበረውም፤ ወደ ሌላ እስክትዛወር ውድ ሰዓታት ባከኑ። ማርች 8 ቀን 1935 ሞተች። ቀኑ ዓለም አቀፍ የሴቶች ቀን ነበር። ሃያ አምስት ዓመት ሊሞላት ሰባት ሳምንት ቀርቷት ነበር።

አስከሬኗ ባረፈበት ቦታ ለቀናት በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ተሰልፎ ተሰናበታት። ማርች 14 ቀን ወደ መቃብር ስትሸኝ መንገዱ በሰው ተጨናነቀ፤ ሬሳዋን የተሸከሙት አብረዋት የሠሩ ዳይሬክተሮችና ተዋንያን ናቸው። ትታቸዋለች የተባሉ ሁለት ደብዳቤዎች በጋዜጣ ወጡ፤ የሰው አፍ ያስፈራል የሚለው ቃል ከዚያ ነው የተሰማው። ብዙም ሳይቆይ ከእነዚያ የሚለዩ ሌሎች ደብዳቤዎች ታተሙ። እነዚህኞቹ ከዣንግ ይልቅ በታንግ ላይ የከበዱ ናቸው። የትኞቹ የእሷ እንደሆኑ እስከ ዛሬ ያከራክራል።

የዘመኑ ታላቅ ደራሲ ሉ ሹን በዚያው ዓመት ስለ ሞቷ ጻፈ። ጋዜጦቹ እኛ ምን ኃይል አለን ብለው ሲያመካኙ አልተቀበላቸውም። ከባለሥልጣን ፊት አቅም የሌላቸው መሆናቸውን አውቆ፣ ነገር ግን ከእነሱ የባሰ ደካማ በሆነ ሰው ላይ ያላቸው ጉልበት ብዙ መሆኑን አሳየ። የሩዋን ስም ታዋቂ ነው፤ ሥልጣን ግን የላትም። እንዲህ ያለ ሰው ለወሬ ገበያ የሚመች ነው። ከዘጠና ዓመት በኋላ ይህን የሚያነብ ሰው፣ ወረቀቱ በስልክ ከመተካቱ በቀር ምን እንደተለወጠ ራሱን መጠየቁ አይቀርም።

ሻንጋይ በ1937 በጃፓን እጅ ስትወድቅ የሊያንኋ ኩባንያም አበቃለት። መቃብሯ በባህል አብዮት ዘመን ፈረሰ፤ መታሰቢያ እንደገና የቆመላት በ1990ዎቹ መጨረሻ ነው። ከሠራቻቸው ከሃያ በላይ ፊልሞች የተረፉት ዘጠኝ ያህል ናቸው። በ1991 የሆንግ ኮንጉ ዳይሬክተር ስታንሊ ኩዋን ሕይወቷን ወደ ፊልም መለሰው፤ እሷን ሆና የተወነችው ማጊ ቼንግም በቀጣዩ ዓመት በበርሊን ፌስቲቫል የምርጥ ተዋናይት ሽልማት አገኘች። ከዚያ ወዲህ የሩዋን ስም በዓለም ዙሪያ ታወቀ፤ የብዙዎቹ እውቀት ግን አንድ ነገር ላይ ይቆማል፤ በሃያ አራት ዓመቷ ራሷን ያጠፋች ቆንጆ ተዋናይት መሆኗ ላይ።

ይህ ደግሞ ሌላ በደል ነው። የሻንጋይ ጋዜጦች በሕይወት ሳለች ከሥራዋ ይልቅ መኝታ ቤቷን መረጡ፤ እኛም ከሥራዋ ይልቅ ሞቷን ከመረጥን ከእነሱ የምንለየው በትንሹ ነው። ሩዋን ሊንግዩ በዘጠኝ ዓመት ውስጥ የአበባ ሻጭን፣ የስልክ ኦፕሬተርን፣ መጫወቻ ሠሪን፣ ደራሲንና የመንገድ ሴትን በአንድ ፊት የለያየች ሠራተኛ ናት፤ ዘመኑ ካፈራቸው ታላላቅ ተዋንያን መካከል ከማንም አታንስም። የ«እንስት አምላክ» የታደሰ ቅጂ ኢንተርኔት ላይ በነፃ ይገኛል፤ ርዝመቱ ከአንድ ሰዓት ተኩል ያነሰ ነው፤ ቻይንኛ አለማወቅም አያግድም። አንባቢ ሆይ፣ ስለ እሷ ለሌላ ሰው ከማውራትዎ በፊት ይህን ፊልም ይመልከቱ።